ፕላስቲክ ሪድ ከሁለተኛው ወንበር፦ የአንድ ወቅት አስተያየት

የማንኛውንም ዕቃ ግምገማ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። 23 ዓመት ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ክላርኔት ነኝ። ኖታው ሲጠይቅ ባስ ክላርኔትም እይዛለሁ። ሶሎ የሚጫወቱት ከግራዬ የተቀመጡት ዋናው ክላርኔት ተጫዋች ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። እናቴ ኮንሰርት በመጣች ቁጥር እቅፍ አድርጋ ትስመኝና "በጣም ጥሩ ነበር፤ ያንቺ ግን የቱ ነበር?" ትለኛለች።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ሁለተኛ ክላርኔት ሥራው አለመታወቅ ነው። ከዋናው ድምፅ ሥር ገብቶ መደላደል። እሳቸው ትንሽ ዝቅ ካሉ አብሮ ዝቅ ማለት፣ ከፍ ካሉ መከተል። መቃኛ ማሽኑ "ልክ ነሽ" ቢለኝም እሳቸው ከፍ ብለው ከሆነ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም። የምጽፍላችሁ ዕቃ በእኔ እጅ የተፈተነው በዚህ መለኪያ ነው፤ ሰው የሚያደንቀው ድምፅ ስላለው ሳይሆን ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም በሚል።

ዕቃው ሰው ሠራሽ ሪድ ነው። እኛ በአጭሩ "ፕላስቲኩ" የምንለው። የብራንዱን ስም አልጠራም። ደጉም ክፉም የምናገረው ስለ ዕቃው ዓይነት እንጂ ስለ አንድ ፋብሪካ እንዳይመስል ነው።

ለማያውቅ ሰው፦ ሪድ ማለት የክላርኔቱ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ የሚታሰር ስስ ምላስ ነው። ጫፉ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከወረቀት ብዙም አይለይም። ክላርኔት የሚባለው ያ ሁሉ ጥቁር እንጨት፣ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ፣ ድምፁ የሚነሳው ከዚህች ጫፍ ነው። ኦቦ የሚባለው መሣሪያ የመቃኛውን ኤ ኖታ ሰጥቶን ሁላችንም ስንቃኝ ይህች ጫፍ በሴኮንድ 440 ጊዜ ያህል ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። እሷ ካመፀች ዲፕሎማችሁም መሣሪያችሁም አያድናችሁም።

የለመድነው ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው። አሩንዶ ዶናክስ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ የሚታወቀው ሸምበቆ። ስመ ጥር የሆነው በደቡብ ፈረንሳይ ቫር በሚባለው አካባቢ የሚበቅለው ነው። ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጋል፣ አሥር አሥር ሆኖ ፓኬት ውስጥ ይገባል። እስከዚህ ድረስ የፋብሪካ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ መከራ ነው።

ምክንያቱም ሸምበቆ ተክል ነው፤ ተክል ደግሞ ፀባይ አለው። ከአንድ ፓኬት አሥሩ አንድ የጥንካሬ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ አንድ መልክ ኖሯቸው፣ አሥር ዓይነት ሆነው ይወጣሉ። እኔ ዕድለኛ ከሆንኩ ሁለቱ ለኮንሰርት ይበቃሉ። ሦስት አራቱ ለልምምድ። የቀረው ቅርጫት ውስጥ። በወር ሁለት ፓኬት ገደማ እጨርሳለሁ። በ23 ዓመት ሲባዛ ከ5,000 ሪድ በላይ ነው። ክላርኔት ተጫዋቹ ስታንሊ ድራከር በ1948 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ገና በ19 ዓመታቸው ኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ገብተው በ2009 ነው የወጡት፤ ከ60 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የእሳቸውን ሪድ ለመቁጠር ሞክሬ ራሴን አመመኝና ተውኩት።

የእኔ ጠዋት እንዲህ ነበር። ስነሳ አራት ሪድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እጥላለሁ። ቡናዬን እጠጣለሁ። ሪዶቹን አወጣለሁ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በአውራ ጣቴ እጫናቸዋለሁ። መብራት ላይ አንስቼ ጫፋቸውን አያለሁ፤ የግራው ጎን ከቀኙ ከወፈረ በቢላ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ አደርገዋለሁ። እነፋለሁ። ደግሞ እፍቃለሁ። አንድ ጊዜ ካበዛሁት አበቃ፤ የተፋቀ ሪድ አይመለስም። ይሄ ሁሉ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ገና አንድም ኖታ አልተለማመድኩም። ሰው ስለ ኦርኬስትራ ሕይወት ሲያስብ መድረኩን፣ ጥቁር ልብሱን፣ ጭብጨባውን ያስባል። እኔ ስለ ሥራዬ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ብርጭቆ ውሃ ነው።

ታዲያ ለምን ፕላስቲክ ገዛሁ? በገዛ ራሴ ጥፋት።

ያለፈው ዓመት የቻይኮቭስኪ "ነትክራከር" የባሌ ዳንስ ነበር። በ1892 የተጻፈ ነው፤ ተመልካች እስከዛሬ አይሰለቸውም፤ እኛ ግን በአንድ ወር ውስጥ ደጋግመን ስለምንጫወተው ሌሊት በሕልማችን ይመጣል። ውስጡ የታወቀ ክፍል አለ፤ ሴለስታ የምትባለዋ መሣሪያ እንደ ደወል ጥርት ያለ ዜማዋን ትላለች፤ ባስ ክላርኔት ደግሞ ወደ ታች በሚንሸራተት አጭር ሐረግ ይመልስላታል። ጥያቄና መልስ ናቸው። መልሱ የእኔ ነው።

ችግሩ ባስ ክላርኔቱ እስከዚያ ድረስ መቆሚያው ላይ ተሰክቶ መቆየቱ ነው። እኔ በሌላው ክላርኔት እየተጫወትኩ ነው። የባሱ ሪድ ትልቅ ነው፤ ከመድረኩ በታች ያለው፣ እኛ የምንቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀደም ብዬ አንስቼ ሪዱን አፌ ውስጥ አርሰዋለሁ። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን በዚያ ወር ስንተኛው ትርዒት እንደሆነ እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ዘገየሁ። አነሳሁት፣ ነፋሁ። "ጢጥ!" አለ። እንደተረገጠ አይጥ። አዳራሹ በልጆች የተሞላ ነው፤ አንዱ ልጅ ሳቀ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ይቀራል? የኦርኬስትራው መሪ፣ ኮንዳክተሩ፣ ቀና አላሉም። ቀና አለማለታቸው ነበር የገደለኝ።

በማግስቱ አዘዝኩ።

ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ ያስገረመኝ ቅለቱ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ነጣ ያለ፣ ከጥፍር ትንሽ ጠንከር የሚል ነገር። የእኔዎቹ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው፤ የምግብ ማስቀመጫ ዕቃዎች የሚሠሩበት የፕላስቲክ ዓይነት ማለት ነው። አንዷ ብቻዋን የአንድ ሙሉ ፓኬት ሸምበቆ ያህል ታወጣለች። ይሄን ስሰማ "አብደዋል" ብዬ ነበር። ሦስት ለተራው ክላርኔት፣ ሁለት ለባሱ ገዛሁ።

ከሳጥኑ አውጥቼ ማውዝፒሱ ላይ አሰርኩና ነፋሁ። ድምፅ ወጣ። በቃ። ውሃ የለ፣ ምራቅ የለ፣ ጥበቃ የለ። አሥር ሴኮንድ አልፈጀም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ፤ በር ዘግቼ የወጣሁ፣ ግን ቁልፉን የረሳሁ ዓይነት ስሜት። አንድ ሌላም ነገር አለ፦ ሸምበቆ ጣዕም አለው። ደረቅ ሣር ሣር የሚል። 30 ዓመት በላይ በየጠዋቱ ቀምሼዋለሁ። ፕላስቲኩ ምንም አይልም።

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተት ቁጥሩ ላይ ነው። ሸምበቆ ላይ 3 ከግማሽ ነው የምጫወተው፤ ፕላስቲኩንም 3 ከግማሽ አዘዝኩ። ቁጥሩ ግን አይመሳሰልም። ድንጋይ ሆነብኝ። ከንፈሬ በግማሽ ሰዓት ዛለ። ሸምበቆ ሲከብድ ቢላዬን አነሳለሁ። ይሄኛው ሲከብድ ምን ይደረጋል? አይፋቅም፤ ብትፍቁትም የሚሆነውን አታውቁም። ያለው ምርጫ ሌላ ቁጥር መግዛት ብቻ ነው። የሩብ ሩብ ልዩነት ያላቸው ይሸጣሉ፤ ሩብ ዝቅ ብዬ ገዛሁና ተስተካከለ። የመጀመሪያዎቹ እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለማን እንደምሰጣቸው አላውቅም።

ሌላው ሙቀት ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አፌ ሲያሞቀው ቀስ እያለ ይላላል፤ በመጨረሻ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ግን ከሁለት ሰዓት ልምምድ በኋላም ያው ነው። ሸምበቆው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ይዝላል። ስለዚህ አሁን ከመቃኘታችን በፊት ፕላስቲኩን ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ። ከሩቅ ሲያዩኝ ሸምበቆ የማርስ ይመስላቸዋል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው የቻይኮቭስኪን አምስተኛ ሲምፎኒ ስንለማመድ ነው። የ1888 ሥራ ነው። አከፋፈቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱ ክላርኔቶች አንድ ዜማ፣ አንድ ኖታ፣ በታችኛው ጨለማ ድምፃቸው አብረው ይላሉ። ከሥራቸው የክር መሣሪያዎች ዝግ ብለው ይሄዳሉ። ሌላ መደበቂያ የለም። ከሁለቱ አንዱ የተለየ ነገር ከያዘ ይለያል። አንድ ሰው መሆን አለብን። እሳቸው በሸምበቆ፣ እኔ በፕላስቲክ ጀመርን።

አራት ሜዠር (የኖታው የምት ክፍል) እንደሄድን ኮንዳክተሩ ለቼሎዎች አንድ ነገር ለመንገር አቆሙ። ዋናዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ዓይናቸው ኖታው ላይ እንዳለ፣

"ምን ለወጥሽ?" አሉኝ።

"ምንም፣" አልኩ። ዋሸሁ።

"ድምፅሽ ከላዩ ተላጭቷል።"

ከዚህ የተሻለ አገላለጽ ከየትም አላገኘሁም። ልክ ናቸው። ታችኛው ድምፅ ላይ ሸምበቆ አንድ ዓይነት ሸካራነት አለው፤ እንደ ጨርቅ እንጂ እንደ ወረቀት አይደለም። ፕላስቲኩ ያቺን ሸካራነት ይልጋታል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። ኮንዳክተሩም አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ዝም ብለዋል። ከእኔ ግማሽ ሜትር ርቀው የተቀመጡት ሰውዬ ግን ሰሙ፤ የእኔ ኑሮ ደግሞ የተመሠረተው በእሳቸው ጆሮ ላይ ነው።

ያን ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሞከርኩ። ሪዱን ከማውዝፒሱ ጫፍ የፀጉር ያህል ዝቅ አደረግኩት። ሪዱን የሚያስረውን የብረት ሊጋቸር ትቼ በጨርቅ ዓይነቱ አሰርኩ። ሪዷንም ሌላኛዋ፣ ትንሽ የቆየችዋ አደረግኩ። በማግስቱ ያንኑ ክፍል ተጫወትን። ምንም አላሉኝም። ከእሳቸው ዘንድ ዝምታ ማለት ምስጋና ነው፤ 23 ዓመት ሙሉ የተመሰገንኩት በዝምታ ነው። ለኮንሰርቱ ግን ሸምበቆ አሰርኩ። ፈራሁ፣ ምን ልበላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ "መግጠም" አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ይሄ ቃል በሙያችን ውስጥ ብዙ በደል ተሸፍኖበታል። በ1982 ኮንዳክተሩ ካራያን ክላርኔት ተጫዋቿን ሳቢነ ማየርን በርሊን ፊልሃርሞኒክ ውስጥ ሊያስገቧት ሲሉ ተጫዋቾቹ 73 ለ4 በሆነ ድምፅ አልተቀበሏትም። ያቀረቡት ምክንያት ድምፅዋ ከእነሱ ጋር አይዋሃድም የሚል ነበር። ሴት ስለሆነች ነው ያሉ ብዙ ናቸው፤ ቡድኑ ያኔ ሴት ተቀብሎ ገና መጀመሩ ነበር። በ1983 ትታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ከታወቁት ሶሎ ተጫዋቾች አንዷ ሆነች። ስለዚህ አንድ ሰው "ፕላስቲክ አይገጥምም" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በጆሮው ነው ወይስ በዓይኑ የሚሰማው ብዬ ነው።

ይሄን ጥያቄ ለራሴም አቀረብኩት። በዚሁ ወቅት ለአንድ ክፍት ቦታ ፈተና ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ፈተናው በመጋረጃ ነው፤ ቦስተን ሲምፎኒ በ1952 የሞከረው፣ በኋላ ብዙዎች የተከተሉት አሠራር። ተፈታኙን አናየውም፤ ጫማው እንዳይሰማ ምንጣፍ ይነጠፋል። ቁርጥራጮቹ የታወቁ ናቸው፦ የቤትሆቨን ስድስተኛ፣ የብራምስ ሦስተኛ፣ የሜንደልሶን ስኬርዞ፣ የራክማኒኖቭ ሁለተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተለማምዶ በአሥር ደቂቃ ይፈረድበታል። እኔ ከሙዚቃው ጎን ወረቀቴ ላይ ደብቄ ትንሽ ጨዋታ ጀመርኩ፦ "ሸ" እና "ፕ" እያልኩ መገመት። ለመጨረሻ ሦስት ቀሩ። አንዱን በሙሉ ልቤ "ሸ" ብዬዋለሁ፤ ራክማኒኖቩ ላይ ድምፁ እንደ ማር ነበር። ሁሉም ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘሁትና ጠየቅኩት። ፕላስቲክ ነበር። "ፕ" ያልኳት ልጅ ደግሞ ሸምበቆ ነበር የያዘችው። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ስለ ስኬርዞው ካነሳሁ፣ ፕላስቲኩ በጣም ያስደሰተኝ እዚያ ነው። የሜንደልሶን "የበጋ ሌሊት ሕልም" ስኬርዞ ክላርኔቶችን የሚያስለቅስ ነገር ነው። ፈጣን፣ ስስ፣ እያንዳንዱ ኖታ በምላስ ተነጥሎ የሚመታ። ሸምበቆ ሲዝል ምላስ ይዘገያል፤ ኖታው ይጨማለቃል። ፕላስቲኩ ላይ ምላሴ በነካ ቁጥር ቶሎ ይመልስልኛል። መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ነው። ግን ጉድ አለበት። ሸምበቆ ምራቅ ይጠጣል፤ ፕላስቲክ አይጠጣም። ጠብታዋ ሪዱና ማውዝፒሱ መካከል ትቀመጥና በጣም ዝግ ባለ ኖታ ላይ እንደሚፈላ ሻይ "ጉር ጉር" ትላለች። መፍትሔው በእረፍት ሜዠር አየር ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ያምራል አልልም። ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ባሱ ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ፣ የ1893ቱ፣ "ፓቴቲክ" የሚባለው። የመጀመሪያው ክፍል መሃል ላይ ዋናው ክላርኔት ያንን ታዋቂ ዜማ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይወስደዋል። የመጨረሻዎቹን አራት ኖታዎች ደራሲው የሰጠው ለባሶን ነው፤ ባሶን ከባስ ክላርኔት የተለየ ሌላ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ከሥራቸው ስድስት "ፒ" ጽፎባቸዋል። አንድ ፒ ማለት ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። ስድስት ፒ ምን ማለት እንደሆነ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ባሶን እዚያ ታች ላይ እንዲህ ዝም ለማለት ስለሚቸግረው ብዙ ኦርኬስትራዎች አራቱን ኖታ ለባስ ክላርኔት ይሰጣሉ። እኛም እንደዚያው ነን። ማለትም ለእኔ። ከአራቱ ኖታ በኋላ ወዲያው መላው ኦርኬስትራ እንደ መብረቅ ይወርዳል፤ መብረቁ የሚያስደነግጠው ደግሞ ከእሱ በፊት ዝምታ ሲኖር ነው።

ድሮ ይሄን ስጫወት የማደርገውን ልንገራችሁ። ባሱ መቆሚያው ላይ ነው። ሲምፎኒው ከተጀመረ ብዙ ደቂቃ አልፏል። ሪዱ ደርቋል፤ ጫፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ትንሽ ተወላግዷል። ከመግቢያዬ ብዙ ቀደም ብዬ አንስቼ አፌ ውስጥ እከተዋለሁ፣ በምላሴ አርሰዋለሁ፣ ድምፅ ሳላወጣ አየር አሳልፋለሁ። ሜዠር እቆጥራለሁ። ልቤ ይመታል። አራት ኖታ ናቸው፤ አንድ ጀማሪ ልጅ የሚጫወታቸው። ግን ደረቅ ሪድ በትንሽ አየር አይነሳም፤ ሲነሳ ደግሞ ዘግይቶ ወይ ጮኾ ነው። አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ኖታ ጭራሽ አልወጣችም። ከአራቱ ሦስቱን ተጫወትኩ። ማንም አልተናገረኝም፤ እኔ ግን ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ ወቅት በፕላስቲክ ተጫወትኩት። ባሱን ሁለት ሜዠር ሲቀር አነሳሁ። ከዋናው ክላርኔት የመጨረሻ ኖታ ሥር ገባሁ፤ አየሬን ገና ሳላስብ ድምፁ እዚያው ነበር። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ የራሴን ድምፅ ከአዳራሹ ማራገቢያ ድምፅ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ መብረቁ ወረደ። ከፊቴ ያለችው ሁለተኛዋ ፍሉት ኖታዋ እያለ፣ ስንት ጊዜ ተለማምዳው እያለ፣ ከወንበሯ ዘለለች።

ለዚህ ብቻ ሁለት ሙሉ ፓኬት ዋጋ ያወጣሁት አይቆጨኝም። ባስ ክላርኔት ላይ ሸምበቆ ካሰርኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ የምመለስም አይመስለኝም።

በተራው ክላርኔት ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አልወስንም። ለልምምድ፣ ለአራት ሰዓት ኦፔራ፣ ለባሌ ዳንስ፣ ከኤ ወደ ቢ ፍላት ክላርኔት (በቃና የሚለያዩ ሁለት ክላርኔቶች ናቸው) ማውዝፒሱን እየነቀልኩ ቶሎ ቶሎ ስቀያይር ፕላስቲክ ነኝ። ከዋናዬ ጋር በታችኛው ድምፅ አብሬ የምጋለጥበት ኮንሰርት ላይ እስከዛሬ ሸምበቆ ነኝ። ምናልባት ፍርሃት ነው። የኮሪደሩ ልጅ ራክማኒኖቭ ትዝ ሲለኝ ፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ።

ፕላስቲኩ የማያደርገውንም እወቁ። ብርድ አያድንም። ሪዱ ፕላስቲክ ቢሆንም ክላርኔቱ ያው እንጨት ነው፤ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚመጣው ጥቁር ግሬናዲላ። ብርድ ላይ ቃናው ይወርዳል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። በጥር 2009 በፈረንጆቹ፣ የኦባማ በዓለ ሲመት ላይ ክላርኔት ተጫዋቹ አንቶኒ ማክጊል፣ ቼሎ ተጫዋቹ ዮ ዮ ማና ጓደኞቻቸው ሲጫወቱ ሕዝቡ የሰማው ቀድሞ የተቀዳውን ነበር፤ ብርዱ ለመሣሪያዎቹ አይሆንም ተብሎ። እነዚያ ሰዎች ያልቻሉትን አንዲት ፕላስቲክ አትችለውም።

ለማን እመክራለሁ? ለጀማሪ፣ ያለ ማመንታት። ጀማሪ ልጅ ድምፁ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የሪዱ አያውቅም፤ ቢያንስ አንዱን ጥርጣሬ ታነሱለታላችሁ። በሳምንቱ ፈተና ላለበት ግን አይሆንም። አፍ ለመልመድ ወር ይፈልጋል፤ የእኔ አፍ ስድስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ሪድ መፋቅ ለሚወድ ሰውም አይሆንም። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ቢላቸውን ከክላርኔታቸው የሚወዱ። ቢላዋን ነጥቃችሁ ምን ታደርጓቸዋላችሁ?

ስለ ዋናዬ ትጠይቁኝ ይሆናል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ራሳቸው "እስቲ ያቺን ላስቲክሽን" አሉኝ። ሰጠኋቸው። አሰሩ፣ የብራምስን ሁለት መስመር ተጫወቱ፣ ፈትተው በመሐረባቸው ጠረጉና መለሱልኝ። "ጥሩ ናት፣" አሉ። ከዚያ ቢላቸውን አወጡ።

ያቺ ትርፍ አርባ ደቂቃዬስ? የበለጠ ተለማመድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ተኛሁባት። ብርጭቆው ግን አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ለኮንሰርት ቀን።

የመጨረሻው ቅሬታዬ የዕድሜው ነገር ነው። ሸምበቆ ሲያረጅ ይነግራችኋል። ይጠቁራል፣ ይላላል፣ ድምፁ ይደክማል፤ ሳምንት ሙሉ ይሰናበታችኋል። ፕላስቲኩ አይነግርም። ሁለቱን እያፈራረቅኩ የመጀመሪያዋ አራት ወር ገደማ ቆየችልኝ፤ ከዚያ አንድ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ከላይኛው ድምፅ ወዲያ አልወጣም አለች። ሳያት ምንም የላትም። ጫፏን መብራት ላይ ሳነሳት ከጥግ በኩል ጭረት የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ስለዚህ የጀመርኩበትን ቀን እንደ ሸምበቆው ጀርባዋ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በማርከር ጻፍኩት፤ በሦስተኛው ቀን ምራቄ አጠበው። በእስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ጭራሽ አልያዘም። አሁን በመርፌ ጫፍ ነው የምጭርባት፤ ቀኑን ለማንበብ ደግሞ መነጽር ያስፈልገኛል።